እርም ያልወጣለት ትከሻ

ከደጀን ወደ ሞጣ የሚሄደው መንገድ በስተግራ ጮቄን፣ በስተቀኝ የዓባይን ሸለቆ ይዞ ይዘልቃል። መሐሉ ጥቁር አፈርና ጤፍ ነው። የመጣሁት ወጌሻ ፍለጋ ነው። የተሰበረ አጥንት ኖሮኝ አይደለም፤ ሕመማቸው በራጅ የማይታይ ሰዎች ከወጌሻ እጅ ምን እንደሚያገኙ ማየት ፈልጌ ነው።

ቢቸና። የአርበኛው የበላይ ዘለቀ አገር። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ሆስፒታል ለሌለው ጦር ስብራቱን የሚጠግንለት ወጌሻ ነበር። ዛሬ ያገኘኋቸው አዛውንትም ሙያውን ከአባታቸው ወርሰዋል። እጃቸውን ፍም ላይ ያሞቃሉ፣ ለጋ ቅቤ ይቀባሉ፣ ከዚያ በአውራ ጣታቸው ዝም ብለው ይፈልጋሉ። ሲያገኙት ፊታቸው ይለወጣል።

አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። «አያ፣ ትከሻዬን ጨምድዶ ከያዘኝ ዓመት አለፈኝ። ኪኒኑ ሲያልቅ ይመለሳል» አሉ።

«እቴ፣ ትንፋሽሽን አትያዢ።» ጥቂት እንዳሹ ጠየቁ፦ «ማን ሞተብሽ?»

«ልጄ። ሬሳውን አላየሁ። እርሜን አላወጣሁ።»

ከዚያ ለቅሶው መጣ። አዛውንቱ እጃቸውን አላነሡም፣ አላፈጠኑምም። እንባው ሲበርድ፣ «ለዘመድ ንገሪ፤ ፍራሽ ይነጠፍልሽ፣ አልቅሺ። ከዚያ ነይ፣ አሽሻለሁ» አሏቸው።

እዚህ ሐዘን የሚወጣው በአካል ነው። ሙሾ ይወረዳል፣ ደረት ይመታል፣ እየተዞረ ይለቀሳል፤ ጎረቤት ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ ይሰነብታል። በእነዚህ የጦርነት ዓመታት ግን መንገድ ተዘግቶ፣ አስከሬን ጠፍቶ፣ ወይም ጮሆ ማልቀስ አስፈርቶ ይህ ሁሉ የቀረባቸው ብዙ ናቸው። ያልተለቀሰው ለቅሶ ወገብና ትከሻ ውስጥ ይቀመጣል ሲባል ሰምቼ ነበር። የእኚህን እናት ትከሻ ካየሁ ወዲህ አምናለሁ።

ሐሳቡ በውጭ አገርም ሰፊ ተከታይ አለው። ቤሴል ቫን ደር ኮልክ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት መጽሐፍ መከራ በሰውነት ላይ አሻራውን እንደሚተው ጽፈው በሚሊዮን ለሚቆጠሩ አንባቢዎች አድርሰዋል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ፒተር ሌቪን ደግሞ ሕመምተኛው ታሪኩን ከመተረኩ በፊት የሰውነቱን ስሜት እንዲያዳምጥ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ በእኩል ተፈትኖ የተረጋገጠ አይደለም፤ ይህን መሸሸግ በተጎዳ ሰው ላይ መቀለድ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ለመከራ ጠባሳ የመረጠው በመከራው ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምናንና በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዘውን ዘዴ ነው። ከ3 ወር ላለፈ የወገብ ሕመም ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከአካል እንቅስቃሴና ከሥነ ልቦና ድጋፍ ጋር መታሸትንም አስገብቷል። ሕመም ሲሰነብት ቁስሉ ከዳነ በኋላም ነርቭ ሥጋት ላይ እንዳለ ሊቆይ፣ ትንሹን ንክኪም እንደ አደጋ ሊቆጥር ይችላል። የታመነ እጅ ያንን ሥጋት ለጊዜው ያበርዳል። ለጊዜው ማለቴ ልብ ይባልልኝ።

ሞጣ። ማምሻውን ከአንድ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ጋር ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደ እርሱ ያሉትን ሲያሠለጥን ዓመታት አስቆጥሯል፤ እስከ ገጠር የሚዘልቁት ግን ጥቂት ናቸው።

«ወጌሻ አንጠላም» አለኝ። «የምንፈራው እስሩን ነው።» ስብራቱ የሚደገፍበት ሸምበቆ በጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጣል፤ እጁ ወይም እግሩ ይሞትና መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል። ከዚህ የተረፉ ሕፃናትን አይቷል፣ ያልተረፉትንም።

ምልክቱን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ከእስሩ በታች ያለው ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ከባሰ ወዲያው መፍታት። ጥፍሩን ተጭኖ መልቀቅ፤ ቀለሙ በ2 ሴኮንድ ገደማ ካልተመለሰ ደም በደንብ እየደረሰ አይደለም። አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ ደግሞ ማሸት የለም፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሆስፒታል።

ወረቀቱን ለቢቸናው አዛውንት አደርሳለሁ ስለው፣ «ራሴ ብሄድ ይሻላል፤ እንዴት እንደሚዳስሱም ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ።