ጭሱስ ወጣ፤ ወዴት ገባ?

«ጭስ መውጫ አያጣም» ይላል ያገሬ ሰው። እውነት ነው። ግን መግቢያም አያጣም። ይህን የተማርኩት ክፍል ውስጥ ሳይሆን መርሳ ላይ፣ መሰላል ይዤ ቆሜ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ መርሳን ለማታውቋት፣ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ሲሪንቃን አልፎ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አክስቴ እዚያ ምግብ ቤት አላት። እኛ እቴቴ ነው የምንላት። እኔም ትምህርት ሲዘጋ የማርፈው እሷ ጋ ነው። ከ2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችንን በያዘው ጊዜ መብራት አልነበረምና እቴቴ ወደ እንጨትና ከሰል ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ሌሊት ያስላታል። መብራቱ ቢመለስም እየመጣ ስለሚሄድ ምድጃው አልቀረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል። ይህንን ቁጥር ለክፍል ሥራ ሳነብ የታየኝ የእቴቴ ዓይን ነበር። ወትውቼ ወትውቼ አንድ ያገለገለ ትልቅ የጭስ መሳቢያ ፋን ተገዛ። አንድ ልጅ መጥቶ ከጓዳው ውጭ ባለው የብሎኬት ግድግዳ ላይ በአራት ቡሎን በግማሽ ቀን ሰቀለው። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲከፈት ጭሱ እንደ ተጠራ ሰው ተነሥቶ ሄደ። እቴቴ እልል አለች። እኔም «ከጭስ የተገላገለች እናት» የሚል ጽሑፍ ጽፌ ለመምህሬ አስገባሁ።

ችግሩ ከፋኑ ፊት ለፊት፣ ጠባቧን መተላለፊያ ተሻግሮ፣ የጎረቤት መስኮት መኖሩ ነው። መስኮቱ ውስጥ ደግሞ አራስ ተኝታለች። በአራተኛው ቀን የአራሷ እናት መጡ። አልጮኹም። በሩ ላይ ቆመው «እሳቱ የናንተ፣ ጭሱ የኛ ሆነ እኮ!» አሉና ተመለሱ። እቴቴ አፈረች። «አብሽሪ፣ ትንሽ ገንዘብ ይያዝና እናዞረዋለን» አለችኝ። ፋኑ ግን እዚያው ቀረ። ገበያው ደግሞ ደርቶ ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ለሦስት ቀን ያህል ጠዋት ጠዋት ከፋኑ ሥር የተራገፈ የሲሚንቶ ዱቄት እጠርግ ነበር። ፋኑም ድምፁን ቀይሮ ይንኳኳ ነበር። ሰምቻለሁ፤ አይቻለሁ። ዱቄቱ ከየት እንደመጣ ግን ቀና ብዬ አልጠየቅሁም። ጋዜጠኛ ልሆን ነው እንግዲህ!

በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለቱ ቡሎኖች ከነፊሸራቸው ወጡ። ፋኑ ዘመመና በኤሌክትሪክ ሽቦው ተንጠለጠለ። ከሥሩ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ይዘው የሚያልፉባት መንገድ ናት። ደግነቱ ያኔ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ክንፉ አይዞርም። መብራት በመጥፋቱ ፈጣሪን ያመሰገንኩት በዕድሜዬ በዚያች ቀን ብቻ ነው።

እንዲያስተካክሉት የመጡት አንድ ሽማግሌ በያጅ ናቸው። ጋሼ እያልኩ ሥር ሥራቸው ስሄድ እንዲህ አስረዱኝ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ የሞተ ክብደት ለጊዜው ይችል ይሆናል እንጂ የሚንቀጠቀጥ ነገር አይችልም። ስለዚህ ከአንጎላሬ ብረት ክፈፍ በይደው አርማታው ኮለን ላይ አሠሩት። በፋኑና በብረቱ መካከል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ አስገቡ፤ መንቀጥቀጡን ይውጣል። ቡሎኑ እንዳይላላ ሁለተኛ ዳዶ ደረቡበት። የመሬት ሽቦ አስገቡለት፤ ለሚያጸዳው ሰውም ማጥፊያውን እዚያው አጠገቡ አደረጉ። ከላሜራ ቱቦ ሠርተው አፉን ከጎረቤት ጣሪያ በላይ አወጡት። ቅባቱ የሚጠራቀምበት ቆርቆሮም ከሥር አንጠለጠሉ፤ ቱቦ ውስጥ የተጋገረ ቅባት አንድ ቀን እሳት ይይዛልና።

በኋላ ሳነብ፣ በአሜሪካ የሆቴል ኩሽናን በሚመለከተው ደንብ የጣሪያ ጭስ መውጫ ከጎረቤት ሕንፃና ከአየር መግቢያ ቢያንስ 3 ሜትር ገደማ መራቅ አለበት ይላል። ጋሼ ደንቡን አላነበቡም፤ ግን ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት አፈር በትነው ነበር።

ሌላም ነገር አሳዩኝ፦ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ቆርቆሮ። ብዙው ሞተር የሚሠራው ከባሕር ወለል እስከ 1000 ሜትር ድረስ ላለ ቦታ ታስቦ ነው። መርሳ ከዚያ በላይ ናት፤ ወልድያ ደግሞ ወደ 2000 ሜትር ትጠጋለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በአምስት አንድ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩን እንደ ልብ አያቀዘቅዘውም። ያንን ሞተር ቆላ እንደሚሠራው አድርጎ ያለ ዕረፍት ማሠራት ዕድሜውን ማሳጠር ነው።

ለዚህ ሁሉ እቴቴ የሁለት ወር ትርፏን ከፈለች። በመጀመሪያው ቀን ቢሠራ ግማሹን አይፈጅም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼው ነው።

ወልድያ ስመለስ ጽሑፌን ከመምህሬ ወስጄ ደግሜ አነበብኩት። እቴቴን ጠይቄያለሁ፣ ሰቃዩን ልጅ ጠይቄያለሁ፣ ቁጥር አለ። የአራሷ እናት ግን የሉም። መስኮቱም የለም። አንድም የተዋሸ ቃል ሳይኖርበት ጽሑፉ ትክክል አልነበረም። እንደገና ጻፍኩት፤ የጀመርኩትም «እሳቱ የናንተ፣ ጭሱ የኛ» ከሚለው ነው።

አሁን የአራሷ እናት እቴቴ ጋ ለቡና ይመጣሉ። ሕፃኑም ድኗል። እኔ ደግሞ አንድ ልማድ ይዣለሁ፦ በወልድያ አስፋልት ስሄድ ቀና እላለሁ። ከሆቴሉና ከሱቁ ግድግዳ፣ ከእግረኛው ራስ በላይ የተሰቀለውን ፋንና የኤሲ ሳጥን በምን እንደተያዘ አያለሁ። እናንተም ስታልፉ እስኪ ቀና በሉ። ከሥሩ የሲሚንቶ ዱቄት ካያችሁ ግን እንደ እኔ ጠርጋችሁ አትለፉ፤ ባለቤቱን ጠርታችሁ ንገሩ።

ቸር ይግጠመን!