ስለ አንዲት አሮጌ መኪናና ስለ ዘይቷ ቱቦ

ዕቃ የሚሸጥ ሰው የዕቃውን ነውር ሁሉ የመናገር ግዴታ አለበትን? ወይስ ገዥው የጠየቀውን ብቻ መመለስ ይበቃዋል? ስለዚህ ነገር ከወዳጆቼ ጋራ ብዙ ጊዜ ተከራክሬአለሁ፤ ክርክሩም ደስ ያሰኘኝ ነበር። ነገሩ በአርባ ምንጭ ከተማ በራሴ ላይ ከደረሰ ወዲህ ግን ደስታው ቀርቷል።

ከአጎቴ የወረስኋት አንዲት መርሴዲስ 300 የናፍጣ መኪና ነበረችኝ። ይህች ዐይነት መኪና በጀርመን አገር ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል የተሠራች ናት፤ አምስት ሲሊንደር አላት፤ ዳገት ላይ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብላ ትሄዳለች እንጂ በመንገድ መቅረት አታውቅም። የናፍጣን ሞተር ያሰበው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባለው ሰው በ1897 እ.ኤ.አ. ሞተሩን በአውግስቡርግ ከተማ ለሰው አሳይቶ፣ በ1913 እ.ኤ.አ. በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር በሌሊት ከባሕር ገብቶ ጠፋ። አጎቴ ይህን ታሪክ መናገር ይወድ ስለ ነበር እኔም ሳላነሣው ማለፍ አልቻልሁም።

አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ። በሞተር ውስጥ ዘይት የሚያገለግለው ብረትና ብረት እንዳይፋጭ ብቻ አይደለም፤ ሙቀትንም ተሸክሞ ያወጣል። ስለዚህ በዚህች መኪና ዘይቱ በጣም ሲሞቅ አንዲት ትንሽ በር በራሷ ጊዜ ትከፈትና፣ ዘይቱ በአንድ ቱቦ ወጥቶ ከራዲያተሩ አጠገብ ወዳለው ማቀዝቀዣ ይሄዳል፤ በነፋስ ከበረደ በኋላም በሌላ ቱቦ ይመለሳል። ማቀዝቀዣው ከመኪናይቱ አካል ጋራ የታሰረ ነው፤ ሞተሩ ግን ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። ቱቦዎቹ ከዳር እስከ ዳር ብረት ቢሆኑ በተሰበሩ ነበርና ሠሪዎቹ መካከላቸውን ጎማ አደረጉት። ጎማ ደግሞ በብዙ ዓመት ሙቀት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም። የእኔዎቹም ዘይት ማላብ ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር።

አንድ የዶርዜ ሰው ሊገዛት ፈለገ። ብዙ ዘመን በአዲስ አበባ፣ በሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ ኖሮ ጥቂት ገንዘብ ይዞ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። እናቱ ስላረጀች ወደ አርባ ምንጭ ሐኪም ቤት የሚያመላልስባት መኪና ይሻ ነበር። እርሱ ሊመጣ በቀጠረበት ዕለት ጧት ቀደም ብዬ ተነሣሁ፤ በናፍጣ በነከርሁት ጨርቅ ቱቦዎቹንና ከሥራቸው ያለውን ብረት ሁሉ ጠረግሁ፤ መኪናይቱንም ዘይት ከተንጠባጠበበት ስፍራ አንሥቼ በንጹሕ አሸዋ ላይ አቆምኋት።

ሰውዬው መጥቶ ጎንበስ ብሎ ተመለከተና፣

«መምህር፣ ሸማ ቢሆን ኖሮ ነውሩን ራሴ አገኘው ነበር፤ የብረት ነገር ግን አላውቅም። እርስዎን በቤተ ክርስቲያን አይቼዎታለሁ። ደኅና ናት ካሉኝ ይበቃኛል» አለኝ።

«ደኅና ናት» አልሁት። ቀብዱንም ተቀበልሁ።

ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጨንቻ አርባ ምንጭ ሳትቆረቆር የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ የነበረች ናት። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ከአባያ ሐይቅ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ግድም ከሆነው ቆላ ተነሥቶ እስከ 2,700 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ዶርዜም በዚያው ዳገት ላይ ናት። መኪናይቱ በትንሽ ማርሽ ስትወጣ ዘይቱ ይግላል፤ ያች ትንሽ በር ትከፈታለች፤ የደከመው ቱቦም የሚፈነዳው በዚያን ጊዜ ነው። ዘይቱ ፈሶ ሲያልቅ ሹፌሩ መርፌውን ካላየ ሞተሩ ይቃጠላል፤ ገደሉ አጠገብ ቢቆምበትስ? በዚያ ሌሊት ለጸሎት ስቆም «ደኅና ናት» ያልሁት ቃል ከአፌ እየቀደመ አስቸገረኝ። ከኋላ ወንበር የምትቀመጠዋን አሮጊት ገና አላየኋትም ነበር፤ ነገር ግን ታየችኝ።

በማግሥቱ ወደ ሲቀላ ወርጄ ወደማውቀው ሽማግሌ መካኒክ ሄድሁ። ረዳቱ የሆነው ልጅ ቀላል መንገድ አገኘልኝ፤ ጎማውን ቆርጦ በምትኩ የራዲያተር ውሃ የሚሄድበትን ጎማ በብረት ማሰሪያ አጥብቆ ሊያስገባልኝ አሰበ። ዋጋው ጥቂት ስለ ነበረ ልቤ ወደዚያ አዘነበለ፤ መጠገኑን ተጠግኗል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለግብኛል አልሁ። ሽማግሌው ግን ሳቀብኝ።

«የውሃ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ይለሰልሳል፤ ከዚያም እንደ ገንፎ ይሆናል። መምህር፣ ይህ ካሰኘዎትስ በጨርቅ መጥረግ ይሻል ነበር» አለኝ።

ስለ ጨርቁ ምንም አልነገርሁትም ነበር። ምናልባት ከሻጭ ሁሉ የሚያየው ነገር ይሆናል።

ዘይት የሚችለው ጎማ ሌላ ነው፤ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመን በኬሚስቶች ጥበብ የተሠራ ነው፤ በትራክተርና በአፈር መቆፈሪያ መኪና ሁሉ ይገኛል። በመጀመሪያ ግን አሮጌዎቹን ማውጣት ያስፈልግ ነበር። የማቀዝቀዣው አንገት አሉሚንየም፣ የቱቦው ዳዶ ብረት ነውና በዘመን ብዛት ተጣብቀው ነበር። ሽማግሌው ማላቀቂያ ዘይት ቀብቶ አሳደራቸው። በማግሥቱም በአንድ ቁልፍ አንገቱን አጥብቆ ያዘ፤ በሌላው ዳዶውን ፈታ። በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚታገል ሰው አንገቱን ጠምዝዞ ይሰብረውና ቱቦ ሊለውጥ ሄዶ ማቀዝቀዣ ሲፈልግ ይከርማል። የብረት ጫፎቹን ወደ አዲስ አበባ ላክን፤ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚሠሩ ሰዎች በአዲስ ጎማ ላይ በመኪና ጨምቀው መለሱልን። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ዋጋው ከቀብዱ ግማሽ ወሰደ።

ገዥው በቀጠሮው ሲመጣ አሮጌዎቹን ቱቦዎች በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ስለ ጨርቁም፣ ስለ አሸዋውም ነገርሁት። አንዱን ወስዶ ክር እንደሚፈትን ሰው በጣቶቹ አጠፈው፤ ጎማው እንደ ደረቀ ቅርፊት ተሰነጠቀና በእጁ ላይ ጥቁር ዘይት ፈሰሰ።

«መቼ ዐወቁት?» አለኝ።

«ከመምጣትህ በፊት።»

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ቀብዱን ይመልስልኝ ይላል ብዬ ስጠባበቅ፣ «ይንዷት፤ አብረን እንውጣ» አለኝ።

ስንወጣ አልተነጋገርንም። እኔ ከመንገዱ ይልቅ መርፌውን እመለከት ነበር፤ እስከ ዶርዜ ድረስ ከ3 ላይ አልወረደም። ከቤቱ ደጃፍ ስንደርስ እናቱ ደጅ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። የሞተሩን ክዳን አስከፈተኝ፤ ከእናቱ እንቅብ ጥቂት ባዘቶ አንሥቶ እጁን አስገባ፤ የሁለቱንም ቱቦ መጋጠሚያ ዙሪያውን ጠረገና ወደ ብርሃን አውጥቶ አገላብጦ አየው። አቧራ ነበረበት፤ ዘይት ግን አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ገንዘብ ቈጥሮ ሰጠኝ። ስለ ዋጋው ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ስለ ሌላውም ነገር እንዲሁ። እኔም እስከ ዋናው መንገድ በእግሬ ወርጄ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርሁ።