ጋቢና ውስጥ ያለ ቤት

ጆን ስታይንቤክ እ.ኤ.አ. በ1960 ቻርሊ የተባለ ውሻውን ይዞ፣ ቤት በተጫነበት መኪና አሜሪካን ዞሮ ነበር። መጽሐፉን ሳስተምር ነፃነቱ ያስቀናኝ ነበር።

ከነቀምቴ ወደ በደሌ ስጓዝ አርጆ አደርኩ። ማለዳ፣ በዚያ ብርድ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ከጋቢናው ወረደ፤ ውሻውም ተከተለችው። «ቤትህ የት ነው?» ስለው «ይኸው ጋሼ» ብሎ ጋቢናውን አሳየኝ፦ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የውሃ ጀሪካን።

«ልጅስ የለህም?»

«አለችኝ። ስመጣ እንግዳ መስያት ትሸሸኛለች፤ የምታውቀኝ ይቺ ውሻ ናት» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ስታይንቤክ መንገድ የወጣው አገሩን መልሶ ለማወቅ ነው፤ ይኼኛው ለልጁ እንጀራ ብሎ። እኔስ? ከቤቴ ሳልርቅ፣ በፈተና ወረቀት ክምር ተጋርጄ ልጆቼ ሳይለምዱኝ ያደጉብኝ ሰውዬ፣ ምን ሰበብ አለኝ?