ልጅ የሌለበት አገር

«ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 3» የሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ነገሩ ቅኝ ገዢዎች ዓለምን ሲቀራመቱ የነበረው ጦርነት ነው። እንደ ገበጣ ተራ አይጠበቅበትም፤ አንተ እንጨት ስታስቆርጥ ባላጋራህ በዚያችው ደቂቃ ጦሩን ያስከትታል። በ1998 ዓ.ም. ሲወጣ ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። የገባችው በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በወጣው ተጨማሪ ክፍል ነው፤ ሾተል የያዘው ተዋጊ፣ የዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ሳይቀር።

እኔም ወልድያ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሴባስቶፖልን ስነዳ አመሸሁ። አንድ ጊዜ ጠቅ ማድረግ ነው፤ ይሄዳል። እውነተኛው ግን 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ፣ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት ተጎትቶ፣ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል።

የእህቴ ልጅ አጠገቤ ሆኖ ሲመለከት ቆየና «ጋሼ፣ እዚህ አገር ልጆች የሉም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ገበሬው በ100 ምግብ ተገዝቶ ጎልማሳ ሆኖ ብቅ ይላል። አይወልድም፤ አያረጅም። ቢሞት ሌላ ይገዛል።

አንባቢ ሆይ፣ ልጁ ይህን የጠየቀው ወዶ አይደለም። ጨዋታው በወጣበት ክረምት፣ በነሐሴ 2013፣ ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014ም በዚያው ቆየች። እሱ ያኔ 9 ዓመቱ ነበር። በመርሳ በኩል ወደ ደሴ በእግራችን ስንሸሽ ጫማው ተበጥሶ በባዶ እግሩ ሄዷል። ሀብሩ ላይ አንዲት የገጠር እናት፣ የራሷን ልጆች አሰልፋ፣ ከእነሱ ድርሻ እፍኝ ቆሎ ዘግናለታለች። ጦርነት ማለት ለእሱ ያ ቆሎ ነው።

ወሎ ጦር የማያጣት አገር ናት። ጣልያንም በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው በኋላ ደሴ የገባው ይህንኑ የእኛን ምድር አቋርጦ ነው። ታዲያ ጨዋታውን ብቻ ለምን እንወቅሳለን? ከላይ ሆኖ ለሚያይ ጦርነት የሚያምረው ልጆቹ ስለማይታዩት ነው። የታሪክ መጻሕፍታችንስ ቢሆኑ የመድፉን ክብደትና የሠራዊቱን ብዛት ይነግሩናል እንጂ፣ መድፉን ይጎትት የነበረው ሰው ልጆች እነዚያን ስድስት ወራት ምን በልተው እንዳደሩ መቼ ነገሩን?