«እሱ ደህና ነው፤ አንቺን ለምን አመመሽ?»



ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው ታሪክ አለ። ባልና ሚስት በአንድ መኪና እየሄዱ ሳለ ሌላ መኪና ከኋላ ይገጫቸዋል። እሱ በማግስቱ ሥራ ይገባል። እሷ ግን ለሳምንታት አንገቷን ማዞር ያቅታታል። ቤተሰቡ «አብራችሁ አልነበራችሁ እንዴ? አታካብጂ!» ይላታል። ውሎ ሲያድር እሷም ራሷን መጠራጠር ትጀምራለች።

ዛሬ ለእሷ ልመሰክርላት ነው።

ሴትም ሆነ ወንድ አንገታችን ላይ 7 የአከርካሪ አጥንቶች አሉን። ቁጥሩ እኩል ነው፤ ልኩ ግን ይለያያል። በአማካይ የሴቶቹ ያነሱ ናቸው። «በቁመት ስለምታንስ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ቁመታቸውና የአንገታቸው ርዝመት ተቀራራቢ የሆኑ ወንድና ሴት ሲነጻጸሩም፣ የሴቷ አጥንት ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ ያንሳል፤ የአንገት ጡንቻዋም ጉልበት ያንሳል።

የሰው ራስ ደግሞ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። መኪና ከኋላ ሲመታ ወንበሩ ጀርባችንን ወደ ፊት ሲገፋው ራሳችን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ፊት ይወረወራል። ይህን ሁሉ የሚችለው አንገት ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው በአጥንት ልዩነት ብቻ አይደለም፤ የወንበሩ አሠራርና አቀማመጣችንም ድርሻ አላቸው።

«ራጅ ተነስታ ምንም የለባትም ተባለ» የምትሉም አላችሁ። ራጅ የሚያሳየው በዋናነት አጥንትን ነው። የተጎዳ ጡንቻና ጅማት በራጅ አይታይም።

እነዚህን ልብ በሉ፦

✔ የወንበሩ የራስ መደገፊያ ጫፍ ከራሳችሁ አናት ጋር እኩል ይሁን፤ ከራሳችሁ ጀርባም አይራቅ። መኪናውን ከሌላ ሰው ስትረከቡ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

✔ ከግጭት በኋላ ሐኪም ሳያያችሁ አንገታችሁን ለወጌሻ አትስጡ። መታሸትም መጠምዘዝም አደጋ አለው።

✔ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ መራመድ ካስቸገረ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ አንገቱን ሳታንቀሳቅሱ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል።

✔ ሐኪም አይቶ ከባድ ጉዳት የለም ካለ፣ ለቀናት ከመተኛት ቀስ እያሉ አንገትን ማንቀሳቀስ ይሻላል።

ባሎች ሆይ፣ «እኔን ምንም አላለኝም» ስትሉ የምትናገሩት ስለራሳችሁ አንገት ነው። ስለ እሷ አንገት እሷን ጠይቋት።