ለሞተር ብስክሌት ጉልበት የሚከፈለው ዋጋ

ውድ አንባቢ፤ በሐዋሳ ከተማ ከሐይቅ ዳር ተነሥተው ወደ መነኸሪያ ሲሄዱ ጆሮዎን ጥቂት ቢያዘነብሉ፤ ከሚያልፉት ሞተር ብስክሌቶች አንዳንዶቹ ከሌሎቹ የተለየ ድምፅ እንደሚያሰሙ ያስተውላሉ። ቁመታቸው አንድ ነው፤ መልካቸውም አንድ ነው፤ ድምፃቸው ግን ወፍራምና የሚያስገመግም ነው። ባለቤቱን «ምን አድርገህበት ነው?» ብለው ቢጠይቁት ፈገግ ብሎ «ሲሊንደሩን አስፍቼዋለሁ» ይልዎታል። ስንት እንደ ፈጀበት ቢጠይቁት ግን ፈገግታው ይቀንሳል።

ይህን ጉዳይ የማነሣው እቤቴ ድረስ ስለ መጣ ነው። የእህቴ ልጅ ከሐዋሳ ሳሙናና ስኳር እየጫነ በሁላ ደጋ ላሉ ትንንሽ ሱቆች ያደርሳል፤ በዚህም ገቢ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን ያስተዳድራል። አንድ ምሽት መጥቶ «ጋሼ፤ ሞተሩ ዳገት ላይ እየለመነ ነው የሚወጣው። ሲሊንደሩን ላስለውጥ አስቤአለሁና ግማሹን ቢያበድሩኝ?» አለኝ። እኔም «ገንዘቡ አይገድም፤ አስቀድመን ግን ሒሳቡን በወረቀት ላይ እንየው» አልሁት። እነሆ በዚያ ወረቀት ላይ የሰፈረውን ለእርስዎም አካፍላለሁ።

የልጁ ሞተር ሆንዳ ሲጂ 125 ከሚባለው ዘር የተወለደ ነው። የሆንዳ ኩባንያ ይህን ሞተር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ለገበያ ሲያቀርብ፤ ያሰበው ዘይት በወቅቱ ለማይለወጥበትና ከልክ በላይ ለሚጫንበት አገር ነበር። ስለዚህ ፍጥነትን ትቶ ጽናትን መረጠ። በኋላም የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ ሞተር እየቀዱ ዓለምን ሞሉት። የሲሊንደሩ ስፋት 56.5 ሚሊ ሜትር፤ የፒስተኑ ምልልስ 49.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ይዘቱ 124 ሲሲ ይሆናል። ምልልሱን ሳይነኩ ስፋቱን ወደ 62 ሚሊ ሜትር ቢያሳድጉት ይዘቱ 149 ሲሲ ይደርሳል። ይህም ከመቶ 20 ጭማሪ ነው። የአምስት ሚሊ ሜትር ተኩል ነገር ይህን ያህል ማስገኘቱ በውነቱ የሚያጓጓ ነው፤ ልጁም የተማረከው በዚህ ነው።

ነገር ግን ይዘት ሌላ፤ ጉልበት ሌላ ነው። ሞተር የሚተነፍሰው በካርቡሬተሩና በቫልቮቹ በኩል ስለሆነ፤ ደረቱ ሰፍቶ ጉሮሮው እንደ ጠበበ ከቀረ ጉልበቱ የይዘቱን ያህል አይጨምርም። እንዲያው ሙሉውን 20 ከመቶ አገኘ ብንል እንኳ፤ በሜዳ ላይ የሚገኘው ፍጥነት የተጠበቀውን ያህል አይደለም። ፈጣን ሞተርን የሚገታው ዋነኛው ነገር ነፋስ ነው፤ ነፋሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ያድጋል። ከዚህም የተነሣ የ20 ከመቶ ጉልበት የሚያስገኘው የ6 ከመቶ ፍጥነት ብቻ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረው 95 ወይም 96 ቢሄድ ነው። ሐዋሳ እንደምናውቃት ሜዳ ናት፤ በከተማዋ ውስጥ ለዚህች አምስት ኪሎ ሜትር የሚሆን ባዶ መንገድ የት ይገኛል?

ልጁ ግን «የኔ ችግር ዳገት ነው እንጂ ሜዳ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ጉልበት ከመቶ 15 ያህሉን አስቀድሞ ያጣል። የሁላዋ ሐገረ ሰላም ደግሞ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፤ ልጁ እዚያ ሲደርስ የጠፋው ጉልበት ከመቶ 23 ይሆናል። እንግዲህ ሊገዛ የተነሣው ጉልበት ተራራው የወሰደበትን ያህል ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፤ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል። መለዋወጫም ከውጭ የሚመጣ ነውና ዛሬ የጻፍሁልዎ ዋጋ ነገ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሒሳቡን በብር ሳይሆን በልጁ የሥራ ቀን ቆጠርነው። ሲሊንደሩ ከነፒስተኑና ከነቀለበቶቹ የ9 ቀን ገቢ ይፈጃል። ልጁ አስቦ የመጣው ይህን ብቻ ነበር። ሰፊው ሲሊንደር እንዲገባ የሞተሩን ቤት አፍ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋትና የሜካኒኩ እጅ 5 ቀን፤ ጓርኒሲዮንና አዲስ ዘይት 2 ቀን፤ ጉሮሮው እንዳይጠብ ትልቅ ካርቡሬተር 4 ቀን፤ የጨመረውን ጉልበት የሚችል ፍሪሲዮን 3 ቀን። ሞተሩ ተፈትቶ ሲቀመጥ ልጁ 4 ቀን ሥራ ይፈታል። አዲሱ ፒስተን ከሲሊንደሩ እስኪላመድ ድረስ ጭነት ቀንሶ በዝግታ መንዳት ስላለበት የሚጎድለው ገቢ ሌላ 3 ቀን ይሆናል። ስንደምረው 30 ቀን ሆነ። ዘጠኝ ብሎ የመጣው ልጅ ሠላሳ ሲያይ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ተመለከተ።

«በስንት ጊዜ ይመለሳል?» ብዬ ጠየቅሁት። በራሱ ግምት፤ ጭነት ቢጨምር በሳምንት የግማሽ ቀን ገቢ ያተርፋል። ስለዚህ 30ው ቀን የሚመለሰው በ60 ሳምንት ነው፤ ያውም ምንም ካልተሰበረና ቤንዚን ካልጨመረ። ይዘቱ የሰፋ ሞተር በጎተተ ቁጥር የሚጠጣውም አብሮ ይጨምራል፤ መንግሥትም ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን በደረጃ እያነሣ በመምጣቱ ቤንዚን የዋዛ ዕቃ አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንዲሉ፤ ሞተርም እንዲሁ ነው።

በወረቀቱ ላይ ያልሰፈረም ዋጋ አለ። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ብቻ ነው። ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ሲያቃስት ነፋሱ ትንሽ፤ ሙቀቱ ብዙ ነው፤ ከሰፊ ፒስተን የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ቢየላውና ኩሽኔታዎቹ የተሠሩት ለ124 ሲሲ ስለሆነ ትርፉን ሸክም ዝም ብለው ይሸከሙና አንድ ቀን በመንገድ ላይ ይከፍሉታል። ፍሬኑም ያው የድሮው ከበሮ ነው። ከ90 ይልቅ በ96 የሚሄድን ሞተር ለማቆም ከመቶ 14 የሚበልጥ ርቀት ያስፈልጋል፤ አንድ ሕፃን ኳስ ተከትሎ ወደ መንገድ ቢወጣ ይህች ትርፍ ርቀት ምን ማለት እንደሆነች እርስዎም ያውቃሉ። በመጨረሻም የሞተሩ ቁጥር በሊብሬ ላይ የተጻፈ ነውና፤ ሞተሩን ከነቤቱ ሙሉ በሙሉ የሚለውጥ ሰው ይህን ሳያስመዘግብ ቢቀር ሲሸጠውም ሆነ አደጋ ሲደርስበት ጣጣ ይከተለዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ርካሽ መድኃኒት አለ። አንደኛው የካርቡሬተሩን የቤንዚን ማስተላለፊያ ቀዳዳ ጠበብ ባለ መለወጥ ነው። ለዝቅተኛ አገር የተለካው ቀዳዳ በደጋ አየር ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ማርሚታውም ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሲስተካከል ሞተሩ የሚገባውን ጉልበት ይሰጣል፤ ቤንዚንም ይቆጥባል። ግን ይጠንቀቁ፤ በጠበበው ቀዳዳ ወደ ቆላ ወርደው በፍጥነት ቢነዱ ቤንዚኑ አንሶት ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል። ሁለተኛው ካቴናውን የሚያዞረውን የፊተኛውን ጥርስ መለወጥ ነው። ባለ 15ቱን በባለ 14 ቢተኩት የኋላው ጎማ ከመቶ 7 የበለጠ ኃይል ይጎትታል። በልዋጩ የሜዳ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ለዕቃ ጫኝ ግን ይህ ጉዳት አይደለም።

ፍርዴ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን ይህንም ልጨምር። የሲሊንደርዎ ግድግዳ ተበልቶ፤ ሞተሩ ዘይት እየጠጣ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ከቶርኖ ቤት ደጅ መድረስዎ አይቀርም። ያን ጊዜ የመፍታቱን፤ የእጁንና የሥራ ፈትነቱን ዋጋ በማናቸውም መንገድ ስለሚከፍሉ፤ ለሰፊው ሲሊንደር የሚጨምሩት ልዩነቱን ብቻ ይሆናል። በደህና ሞተር ላይ ግን ይህን ማድረግ ጤነኛን ሰው ወስዶ ሆድ ማስቀደድ ነው።

ልጁ ሁሉን ከሰማ በኋላ «ጋሼ፤ እርስዎ ግን ዳገቱን አልወጡትም» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ቀዳዳውንና የፊቱን ጥርስ ለወጠ፤ አዲስ ካቴናና የፍሬን ሸራ አስገባ፤ ሁሉም በአንድነት የ5 ቀን ገቢ ፈጀ። አንድ ቅዳሜም ከኋላው ተቀምጬ አብሬው ወጣሁ። ሞተሩ ከመንገዱ ጠመዝማዛ ላይ አልተንቀጠቀጠም፤ በሁለተኛ ማርሽ እየጎተተ ወጣ። እርግጥ ሲሊንደሩን ያሰፋ አንድ ጎረምሳ እያስገመገመ አልፎን ሄደ፤ የእህቴም ልጅ እስኪሰወር ድረስ በዓይኑ ተከተለው። ልቡ ፈጽሞ ረክቷል ብዬ አልዋሽዎትም። የቀረው የ25 ቀን ገቢ ግን በእጁ ነበረ፤ ከዚያም ላይ የታናሽ እህቱን የትምህርት ቤት ወጪ ከፈለ።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፤ እርስዎም ወይም ልጅዎ ሞተር ለማጎልበት ካሰባችሁ ከሜካኒኩ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያንሡ። የሚፈልጉት ፍጥነት ነው ወይስ የዳገት ጉልበት? የሲሊንደሩ ዋጋ ስንት ሌላ ዋጋ ያስከትላል? ወጪውስ በስንት ሳምንት ይመለሳል? ብለው ይጠይቁ። ይህን ሁሉ ቆጥረው አሁንም የሚያዋጣዎ ከሆነ በደስታ ያሠሩት፤ ከሲሊንደሩ ጋር ግን ፍሬኑንም ማሳደስዎን አይርሱ።