ከለቡ መብራት ኃይል ወደ አዳዲ ማርያም፤ ለከተማም ለገጠርም ስለሚሆን ሞተር ብስክሌት

ለቡ መብራት ኃይል የሚባለውን ሰፈር ከእናንተ መካከል ያላየው ጥቂት ይመስለኛል። በአዲስ አበባ ደቡብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሆኖ፥ በአንድ ወገን ከጀርመን አደባባይ የሚመጣው፥ በሌላው ወገን ወደ ጀሞ የሚያሻግረው መንገድ ይገናኙበታል። የፉሪ ተራራ በክረምት ጠዋት ጉም ለብሶ ከሩቅ ይታያል። በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የምድር ባቡር መንገደኞቹን የሚቀበለው በፉሪ ለቡ ጣቢያ ስለ ሆነ፥ ከባሕር ዳርቻ የመጣ እንግዳ የዋናውን ከተማችንን ምድር መጀመሪያ የሚረግጠው በዚሁ አቅራቢያ ነው። ይህን መጻፌ ሰፈሬን ለማወደስ አይደለም፤ ቢሆንም ጥቂት ደስ ይለኛል።

በዚህ ሰፈር የሚቀመጥ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በየጠዋቱ በጀርመን አደባባይ፥ በመካኒሳና በሳር ቤት አድርጎ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄድበት ነው፤ እኔም የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንሁ እስከ ልደታ ድረስ እሄድበታለሁ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ርዝመቱም ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን ሰዓቱ ሲደርስ መኪናው ሁሉ እንደ ከብት በረት ተጨናንቆ ስለሚቆም አንድ ሰዓት ያስፈጃል። ሁለተኛው መንገድ ወደ ውጭ የሚወጣው ነው። በጀሞ አልፎ በጅማ መንገድ ዓለም ገና ሲደርሱ ወደ ቡታጅራ ይታጠፋል፤ ከዚያም ሜዳ ለሜዳ ተጉዞ አዋሽ ወንዝን በመልካ ቁንጡሬ ይሻገራል። በዚያ ስፍራ የጥንት ሰዎች ከሁለት ሚሊዮን ዓመት በፊት ድንጋይ እየፈለጡ መሣሪያ ይሠሩ እንደ ነበር ሊቃውንት ቆፍረው ስላረጋገጡ፥ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል። ወደ ፊት ቢቀጥሉ ሰይፍ የተቀረጸባቸው የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ እነዚያማ ከፈረንጆች 1980 ዓመት ጀምሮ በዚያው መዝገብ የሰፈሩ ናቸው። ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ የተለየ ሰው ግን አዳዲ ማርያም ይደርሳል። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከአንድ አለት ተፈልፍላ፥ ዙሪያዋን በጥልቅ ቦይ ተከባ፥ ከመሬት በታች ያለች ናት፤ በአፈ ታሪክ የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ትባላለች።

የእኔ እናት የምትኖረው ከአዳዲ ማርያም ወዲያ ነው። ስለዚህም የሞተር ብስክሌት ነገር በቤታችን የጨዋታ ነገር ሳይሆን የምክር ነገር ሆነ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፥ በአገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ለመግዛት የጸሐፊ ደመወዝ የሚበቃ አይደለም። ቢበቃም እንኳ በነሐሴ ወር እስከ እናቴ ደጅ የሚደርስ አውቶሞቢል የለም።

አባቶቻችን ለሰልፍና ለጉግስ ፈረስ፥ ለሩቅ አገር በቅሎ ይመርጡ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ፈረስ ያማረ ነው፤ ገደል ሲያይ ግን ይደነብራል። በቅሎ እግሯን ሳታይ አታስቀምጥም። በሞተር ብስክሌትም ወገን እንደዚሁ አንዱ ለአስፋልት ብቻ፥ ሌላው ለውድድር ሜዳ ብቻ የተሠራ ሲሆን፥ ከሁለቱ የተወለደ ሦስተኛ ወገን አለ። ይኸውም የፊት መብራትና ታርጋ ይዞ በከተማ የሚሄድ፥ ጎማው ጥርስ ያለው፥ አሞርዛተሩ ረዥም፥ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። በፈረንጆች 1968 ዓመት የጃፓኑ ያማሃ ዲቲ 1 የተባለውን በሽያጭ ካወጣ በኋላ ይህ ወገን በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ ከዚያ በፊት ባላገሩ የከተማውን ሞተር ማርሚታ ወደ ላይ እያነሣ፥ ጎማውን እየለወጠ በገዛ እጁ ያበጀው ነበር። በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ እንደሚባለው፥ ዛሬም ነጋዴው ከዚህ ወገን ያልሆነውን ሁሉ የእሽቅድምድም ሥዕል ለጥፎበት የዚህ ዘመድ ነው ብሎ ይሸጣል። ገዢ ሥዕሉን ትቶ ሆዱንና እግሩን ይመልከት።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሕጉ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ብስክሌት በከተማው ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። ምክንያቱም በሞተር ተቀምጠው ቦርሳና ስልክ የሚነጥቁ ሌቦች መብዛታቸው እንደ ሆነ ተነግሯል። ስለዚህ በለቡ የሚቀመጥ ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ለምን ሥራና በምን ሁኔታ እንደሚፈቀድ መጠየቅ ይገባዋል። ገንዘቡን ከፍሎ ሞተሩን በግቢ ሸራ አልብሶ የሚያይ ሰው በሰፈራችን አይታጣም።

ባለፈው ነሐሴ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ማለቁ በስልክ ተነገረኝ። በማግሥቱ ከአንድ የሥራ ባልንጀራዬ ጋራ እስከ ዓለም ገና በታክሲ ሄደን፥ በዚያ ከሚቀመጡ ዘመዶች ሁለት ሞተር ተዋስን። የባልንጀራዬ ትልቅ፥ ከባድና ያማረ የአስፋልት ሞተር ነበር፤ የእኔ ደግሞ አሮጌ ያማሃ ኤጂ 200፥ ለእርሻ ሥራ የተሠራው ነው። ስለ መንገዱ ጸጥታ አስቀድመን የአገሩን ሰዎች ጠይቀን ተነሣን፤ ዛሬ ይህን ሳይጠይቁ መውጣት አይገባምና። እስከ መልካ ቁንጡሬ ድረስ ባልንጀራዬ ከፊቴ ጠፍቶ፥ በደረስሁበት ሁሉ ሻይ ጠጥቶ ጨርሶ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘው ነበር። እኔ በኋላው ስንቀረቀብ ጤፉን አይቼ፥ እረኞቹን ሰላም ብዬ ሄድሁ፤ በዚህም አልከፋኝም።

ከአዳዲ ማርያም ወዲያ ግን ነገሩ ተለወጠ። አገሩ መረሬ መሬት ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ግን እንደ ሊጥ ሆኖ የነካውን ሁሉ ይይዛል። የባልንጀራዬ ሞተር የፊት ፓራፋንጎ ከጎማው ጋራ ተጠጋግቶ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ጭቃው በመካከሉ ገብቶ ደረቀና ጎማው መዞር እምቢ አለ። በእንጨት ፈልቅቀን ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደ ሄደ እንደ ገና ታሰረ። በሦስተኛው ጊዜ ወደ ጎኑ ወደቀ፤ ሁለታችን ሆነን ለማንሣት ብንታገል እግራችን እየተንሸራተተ አልቻልንም። ከእርሻ የመጡ ሦስት ሰዎች፥ እግዚአብሔር ይስጣቸው፥ አነሡልን። ሞተሩን በአንደኛው ገበሬ ግቢ አስቀምጠን፥ ባልንጀራዬ ከኋላዬ ተቀመጠ። የኤጂው ፓራፋንጎ ከጎማው ርቆ ከፍ ብሎ የተሰቀለ በመሆኑ ጭቃው እየተረጨ ይወድቃል እንጂ አይታሰርም። ሁለት ሰው ጭኖ፥ በአንደኛ ማርሽ እያጉረመረመ፥ ሲመሽ ደረሰ። እናቴም በደጅ ቆማ፤ «ልጄ፥ በዚህ ዝናብ በምን መጣህ?» አለችኝ። መድኃኒቱን ካቋረጠች አራተኛ ቀኗ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ መንገድ ያገኘሁት የምርጫ ሚዛን፥ ለብቻህ ከጭቃ ልታነሣው የማትችለውን ሞተር አትግዛ የሚል ነው። የቢኤምደብልዩ አር 1250 ጂኤስ የተባለው የታወቀ የሩቅ መንገድ ሞተር ለጉዞ ሲዘጋጅ 249 ኪሎ ይመዝናል፤ በሰፊ መንገድ ላይ እንደ ዙፋን ነው፤ በመረሬ ላይ ግን እንደ ወደቀ በሬ ነው። የሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል 142 ኪሎ ብቻ ነው፤ የፊት ጎማው 21 ኢንች ስለ ሆነ ጉድጓድና ድንጋይ ሳይፈራ ይወጣል። ይሁን እንጂ መቀመጫው ከመሬት 88 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ቁመቱ አጠር ያለ ሰው በሳር ቤት መብራት ላይ ሲቆም የጫማው ጫፍ ብቻ መሬት ይነካል፤ ከኋላው ሰው ሲጨምር ደግሞ መንገዳገድ አለ። ቁመትን በሱቅ ውስጥ ሁለት እግርን አውርዶ ተቀምጦ መለካት እንጂ በወረቀት አንብቦ መገመት አይበጅም።

ስለ ሞተሩ ጉልበት የሚነገረውንም በአገራችን አየር መመዘን ያስፈልጋል። ለቡ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ በነዳጅ የሚሠራ ሞተር በባሕር ዳር ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል እዚህ ይጎድልበታል። ስለዚህ 125 ሲሲ የሆነው ለብቻ ለሚሄድ ሰው በከተማ ይበቃል፤ ሁለት ሰውና ስንቅ ይዞ ዳገት ለሚወጣ ግን ከ150 እስከ 300 ሲሲ ያለውን እመርጣለሁ። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከቆላ ሲመጣ ነዳጅ ይበዛበትና ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፤ ጥሩ ሠራተኛ የነዳጁን ቀዳዳ ጠበብ ባለ ሲለውጠው ይስተካከላል። አዲሶቹ ነዳጃቸውን በኤሌክትሪክ መጥነው የሚረጩት ይህን ችግር ራሳቸው ያርማሉ፤ ነገር ግን በገጠር መካከል ሲበላሹ በፒንሳና በሽቦ የሚጠግናቸው አይገኝም። ካርቡራተር ያለውን ግን በየወረዳው ከተማ የሚፈታና የሚገጥም ልጅ አለ።

የባለቤቴ ምክር በዚህ ሁሉ ላይ ተጨመረ። እኔ ስለ ሲሲና ስለ ኪሎ ስተርክላት ሰምታ ስታበቃ፤ «እርስዎ ይቀመጡበት፤ እኔ ግን ነጠላዬን ጎማ ጎትቶት መንገድ ላይ ስወድቅ ልጆቼ እንዲያዩኝ አልፈልግም» አለችኝ። እውነቷን ነው። የነጠላና የጋቢ ጫፍ በሰንሰለትና በኋላ ጎማ ተጠምጥሞ ሰው የሚጥልበት አደጋ በፈረንጅ መጽሐፍ ብዙ አልተጻፈም፤ ነጠላ የለባቸውምና። ኤጂ 200 ሰንሰለቱ በሙሉ በክዳን የተሸፈነ መሆኑ ለጭቃ የታሰበ ቢሆንም ለነጠላም ይጠቅማል። ከኋላ የምትቀመጥ ሴት ነጠላዋን አጣፍታ በወገቧ ትሰር፤ ጎን ለጎን አትቀመጥ፤ የራስ ቁርም ለሁለቱም ይሁን። ባል የራስ ቁር አድርጎ ሚስቱን ያለ ቁር ከኋላው የሚጭንበት ልማድ በአዲስ አበባ አያለሁ፤ ይህ ጨዋነት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጽፍ አላልፍም። በዚህ ጊዜ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተር ብስክሌቶች በከተማችን እየበዙ መጥተዋል። የሰፈራችን ስም መብራት ኃይል መሆኑን አስታውሰው የሚቀልዱ አሉ። ቀልዱ ይቅርና፥ እነዚህ አየር የማይተነፍሱ በመሆናቸው ከፍታ ጉልበታቸውን አይቀንሰውም፤ ድምፅም ጭስም የላቸውም፤ ማታ በቤት ተሞልተው ጠዋት ልደታ ደርሰው ይመለሳሉ። ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ በስልክ ከመክፈልም ያሳርፋሉ። ፈቃድ ላገኘና ከከተማ ለማይወጣ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ነገር ግን ከአዳዲ ማርያም ወዲያ ጭቃ ውስጥ ሲታገል ባትሪው ቢያልቅበት መሙያ ከየት ያገኛል? የነዳጁ እኮ በአንድ ሊትር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ በጠርሙስ ተይዞ ይጨመርለታል።

ዋጋውን አልጻፍሁም፤ ዛሬ ብጽፈው ጋዜጣው እጃችሁ እስኪገባ ይለወጣል። መለዋወጫው በመርካቶ የሚገኝ መሆኑን ግን ከመግዛታችሁ በፊት በእግራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የፍሬን ሸራ፥ የፍሪሲዮን ሽቦና የውስጥ ጎማ በሦስት ሱቅ ካልተገኘ ያ ሞተር ምንም ቢያምር ለእኛ አገር አልተሠራም። አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሡት፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ምክንያት አለው። መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥር በብረቱ ላይ ከተመታው ጋራ ፊደል በፊደል አስተያዩ። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ከዚህ የተነሣ የሚመጣውን ክርክር ብዙ ስላየሁ ነው።

በቤታችን የተቆረጠው ነገር እንዲህ ነው። ወደ ልደታ እንደ ወትሮው በአውቶቡስና በታክሲ እሄዳለሁ። ያንን አሮጌ ኤጂ 200 ከዘመዴ ገዝቼ ስሙን አዛውሬአለሁ፤ የሚቆመውም በዓለም ገና በእርሱ ግቢ ነው። ሁለት ጎማ አዲስ ለውጫለሁ፤ ባለቤቴም ከኋላው የምታሥረው የቆዳ ከረጢት አሰፍታለች። በውስጡ የሦስት ወር መድኃኒት ይገባል፤ ለኅዳር ጽዮን ስንሄድ እናደርሰዋለን።